ሁለቱን ለምን መረጣችሁ? ስለ ተማሪዎች ንጽጽራዊ ጥናትና ስለ አማካሪ መምህራን ድርሻ

የጥናት አማካሪ (ክሩን የከፈቱት)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በቡድን የሚሠሯቸውን ንጽጽራዊ ጥናቶች የማማክር መምህር ነኝ። ይህን ክር የከፈትኩት፣ አማካሪ መምህር ካለው ውስን ጊዜ አብዛኛውን በየትኛው የጥናቱ ደረጃ ላይ ቢያውለው ተማሪዎቹን ይበልጥ ይጠቅማል በሚለው ጥያቄ ላይ እንድንወያይ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፦ የሚነጻጸሩት ጉዳዮች በሚመረጡበት ጊዜ ላይ ነው። መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ የሚሰጥ እርማት የቱንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን፣ መጀመሪያ ላይ ያለ ምክንያት የተደረገን ምርጫ ሊያቃና አይችልም።

በብዙ ቦታ የሚታየው አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ተማሪዎቹ ርእስና ሁለት አገሮች ወይም ሁለት ተቋማት ይዘው ይመጣሉ፤ አማካሪው ፕሮፖዛሉን ያጸድቃል፤ ከዚያ በኋላ በዝርዝር የሚያነበው ረቂቁ ተጠናቆ ሲቀርብለት ነው። የሚቀርበውም ጽሑፍ አንድ ምዕራፍ ስለ አንደኛው፣ አንድ ምዕራፍ ስለ ሁለተኛው፣ በመጨረሻም «ተመሳሳይነትና ልዩነት» የሚል ምዕራፍ ይኖረዋል። ይህ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሁለት ገለጻ ነው። ንጽጽር የሚሆነው አንደኛው ጉዳይ ብቻውን ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ፣ ሌላው አጠገቡ ስለቆመ መመለስ ሲቻል ነው።

ምርጫው ራሱ ጥናቱን ሲሸከም ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ሥራ ልጥቀስ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ዳንኤል ፖስነር በ2004 ያሳተመው ጥናት በማላዊና በዛምቢያ ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖሩትን የቼዋና የቱምቡካ ሕዝቦች ይመለከታል። ድንበሩ በቅኝ ግዛት ዘመን የተሰመረ ሲሆን ወዲህ ያለው ቼዋ ከወዲያ ካለው ቼዋ፣ ወዲህ ያለውም ቱምቡካ ከወዲያ ካለው ቱምቡካ ጋር በቋንቋም በባህልም አንድ ነው። ሆኖም ሁለቱ ሕዝቦች በማላዊ በፖለቲካ እንደ ተቀናቃኝ ሲተያዩ በዛምቢያ እንደ አጋር ይተያያሉ። የባህል ልዩነታቸው በሁለቱም አገሮች ያው ሆኖ ሳለ ግንኙነታቸው ከተለያየ፣ ግንኙነቱን የባህል ልዩነት ብቻውን ሊያብራራው አይችልም ማለት ነው። ፖስነር ማብራሪያውን ያገኘው በሕዝቦቹ አንጻራዊ ብዛት ላይ ነው። በማላዊ ሁለቱም ከአገሪቱ ሕዝብ አንጻር ብዙ በመሆናቸው ለፖለቲከኞች ጠቃሚ የድጋፍ መሠረት ይሆናሉ፤ በዛምቢያ ግን እያንዳንዳቸው አነስተኛ ስለሆኑ የአንድ ክፍለ ግዛት ሰዎች ተብለው በአንድነት ይሰለፋሉ። ተመራማሪው በአንድ አገር ብቻ ተወስኖ ቢሆን ኖሮ፣ የፈለገውን ያህል ቃለ መጠይቅ ቢያደርግ እዚህ መልስ ላይ ለመድረስ መንገድ አልነበረውም።

ከዚህ በመነሣት ተማሪዎቼን መረጃ መሰብሰብ ሳይጀምሩ የምጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። እነዚህን ሁለቱን ለምን መረጣችሁ? ውጤቱ ከጠበቃችሁት ተቃራኒ ቢሆንስ ምን ትደመድማላችሁ? የሁለተኛው መልስ «ያው ነው» ከሆነ ጥናቱ ገና አልተነደፈም ብዬ አምናለሁ። የሌሎቻችሁን ልምድና ተቃውሞ በአክብሮት እጠብቃለሁ።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ

መምህር፣ ርእሱን ስላነሡት ከልብ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ቡድናችን በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ትምህርታቸውን የሚያቋርጡባቸውን ምክንያቶች ለማነጻጸር አቅዷል። ሁለቱን የመረጥነው አንደኛው የራሳችን ስለሆነና በሌላው ደግሞ ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎችን የሚያገናኙን ሰዎች ስላሉን ነው። በሁለቱም ቦታ ያቋረጡትን ቃለ መጠይቅ አድርገን ምክንያቶቻቸውን ልናነጻጽር ነው።

ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። ተማሪ ገና የዘርፉን ጽሑፎች በሰፊው ሳያነብ፣ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ፍጹም የሆነ ጥንድ ፈልጎ ሊያገኝ ይችላል ወይ? መረጃ የሚገኝበትን ቦታ መምረጥ ስሕተት ከሆነ አብዛኞቻችን ጥናት መሥራት አንችልም።

የጥናት አማካሪ

ስሕተት አይደለም። ማንኛውም ተመራማሪ የሚሠራው በር በተከፈተለት ቦታ ነው፤ ችግር የሚሆነው በሩ ስለተከፈተ ብቻ ምርጫው ተጠናቀቀ ብሎ ማሰብ ነው። በእጃችሁ ያሉትን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ይዛችሁ «እነዚህ ሁለቱ በምን ይመሳሰላሉ፣ በምንስ ይለያያሉ፣ ከልዩነቶቹስ ውስጥ ትምህርት ማቋረጥን ይነካል ተብሎ የሚታሰበው የትኛው ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ባለማወቅ የያዛችሁት ጥንድ ለአንድ ለተወሰነ ጥያቄ የሚያገለግል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አንደኛው ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የግዴታ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ፣ ሌላው የማይሰጥ ቢሆን፣ ያ ልዩነት ጥያቄያችሁን ሊወልድላችሁ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልዩነት መፈለግ የእናንተም የአማካሪያችሁም የጋራ ሥራ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያቋረጡትን ብቻ ልታነጋግሩ ማሰባችሁ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የገንዘብ ችግር ነበረብን ቢሏችሁ፣ ትምህርታቸውን የቀጠሉትም ያንኑ ያህል የገንዘብ ችግር ኖሮባቸው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ውጤቱ የደረሰባቸውን ብቻ መርጦ መንስኤ መፈለግ በንጽጽር ጥናት ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታይ ችግር ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዋ ባርባራ ጌዲስ በ1990 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህንኑ በምሳሌ አሳይታለች። ሠራተኞችን መጨቆን የኢኮኖሚ ዕድገትን ያፋጥናል የሚለው እምነት በፍጥነት ያደጉ ጥቂት አገሮችን ብቻ በማየት የተገነባ ነበር፤ ያላደጉትም ተጨምረው በርካታ ታዳጊ አገሮች በአንድነት ሲታዩ ግን እምነቱ የሚደግፈው ማስረጃ አላገኘም። እናንተም ከየዩኒቨርሲቲው የቀጠሉ ተማሪዎችን ጨምሩ።

የስታትስቲክስ መምህርት

ለውይይቱ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን በአክብሮት የምቃወመው ነጥብ አለኝ። ክቡር አማካሪ ጉዳዮችን በጥንቃቄ መምረጥ ያለውን ኃይል በትክክል አስረድተዋል፤ ኃይሉ የት ላይ እንደሚያበቃ ግን በበቂ አልተናገሩም። ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 የመመሳሰልንና የመለያየትን የንጽጽር ስልቶች ሲተነትን፣ የመለያየት ስልት እንዲሠራ ሁለቱ ጉዳዮች ከአንድ ነገር በቀር በሁሉም መመሳሰል እንዳለባቸው አስቀምጧል፤ በኅብረተሰብ ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ ጥንድ እንደማይገኝም ራሱ ጽፏል። አረንት ላይፕሃርት በ1971 የንጽጽር ስልት ዋና ችግር ብሎ የሰየመውም ይህንኑ ነው፦ ተለዋዋጮቹ (ውጤቱን ሊያመጡ የሚችሉት ነገሮች) ብዙ፣ የሚነጻጸሩት ጉዳዮች ጥቂት። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በማጠናከሪያ ትምህርት ቢለያዩ፣ በተማሪ ቅበላ፣ በመምህራን ብዛት፣ በመኝታ አገልግሎትና በሌሎች በርካታ ነገሮችም ይለያያሉ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ልዩነቱን እንዳመጣ በሁለት ጉዳይ ብቻ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ለተማሪዎች የምመክረው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በየጉዳዩ ውስጥ የምልከታዎችን ቁጥር ማብዛት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሁለት ቢሆኑም በውስጣቸው ብዙ የትምህርት ክፍሎች አሉ። ሁለተኛውና እኔ የምወደው ጊዜን ወደ ንጽጽሩ ማስገባት ነው። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በ1994 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ በኤፕሪል 1992 ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ከፍ ስታደርግ፣ ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ በ4.25 ዶላር ቆየች። ተመራማሪዎቹ በሁለቱ ግዛቶች የሚገኙ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠይቀው በእያንዳንዱ ግዛት የታየውን ለውጥ አነጻጸሩ፤ ጭማሪው የሥራ ቦታዎችን መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃም አላገኙም። የጥናቱ ብልኃት ያለው ግዛቶቹ ቀድሞውኑ ቢለያዩም ልዩነታቸው ቋሚ እስከሆነ ድረስ ስሌቱን ስለማያዛባው ነው። መደምደሚያው ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል፤ ዴቪድ ካርድ ግን በዚህና መሰል ሥራዎቹ በ2021 የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ተማሪዎቹ የማጠናከሪያ ትምህርቱ የተጀመረበትን ዓመት ካወቁ ይህንኑ ንድፍ መጠቀም ይችላሉ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የጉዳዮችን ቁጥር ማብዛት ብቻውን መፍትሔ የማይሆንበት ጊዜ አለ። የአንትሮፖሎጂ ምሁሩ ኤድዋርድ ታይለር በ1880ዎቹ መጨረሻ የብዙ ሕዝቦችን የጋብቻና የዘመድ ሥርዓት አነጻጽሮ ሲያቀርብ፣ ፍራንሲስ ጋልተን እነዚህ ሕዝቦች አንዱ ከሌላው ልማዱን ወስዶ እንደሆነ እያንዳንዱን ራሱን እንደቻለ ማስረጃ መቁጠር እንደማይቻል በመግለጽ ጥያቄ አንሥቶበታል። የአንድ መምሪያ ተቋማት እርስ በርስ አሠራር የሚቀዱ ከሆነም ያው ጥያቄ ይነሣል።

የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ

እናንተ ካነሣችኋቸው ነጥቦች በፊት የሚመጣ አንድ ነገር አለ ብዬ አስባለሁ፤ እርሱም በሁለቱ ቦታዎች የምንቆጥረው ነገር በእርግጥ አንድ ነገር መሆኑ ነው። በእኛ ዘርፍ የመንገድ ትራፊክ አደጋ ሞት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዓለም አቀፍ ንጽጽር በሰፊው የሚሠራበት ትርጉም አደጋው ከደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ የሞተን ሰው ይቆጥራል። ፈረንሳይ እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ የምትቆጥረው በ6 ቀናት ውስጥ የሞቱትን ነበር፤ ከ2005 ጀምሮ ወደ 30 ቀናት ተሻገረች። ይህን የማያውቅ ተማሪ የሁለቱን ዓመታት ቁጥር በቀጥታ ቢያስተያይ፣ በመንገዱ ላይ የደረሰውን ለውጥና በአቆጣጠሩ ላይ የተደረገውን ለውጥ ደባልቆ ያነባል። ቦታው ላይ የሞተውን ብቻ የሚመዘግብ አገር ደግሞ እስከ 30 ቀን ከሚቆጥረው አገር ይልቅ መንገዱ አስተማማኝ መስሎ ይታያል።

ለአራተኛ ዓመት ተማሪዋ ወይም ተማሪው፦ «ማቋረጥ» በሁለቱ ሬጅስትራሮች ዘንድ ምን ማለት ነው? ለአንድ ሴሚስተር ያልተመዘገበ ተማሪ በአንደኛው ዩኒቨርሲቲ አቋራጭ ተብሎ በሌላው ገና በእረፍት ላይ ያለ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ወደ ሌላ ተቋም የተዛወረውስ? በውጤት ምክንያት የተሰናበተውስ? አማካሪዎች ተማሪን ወደ መስክ ከመላካቸው በፊት የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ትርጉም በሁለቱም ቦታ በጽሑፍ እንዲያመጣ ማዘዝ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። አሰልቺ ሥራ ቢመስልም ከንድፍ ሁሉ ይቀድማል።

የጥናት አማካሪ

ትክክል ነዎት፤ የስታትስቲክስ መምህርቷም ያነሡት ነጥብ አሳማኝ ነው፤ ጊዜን ወደ ንጽጽሩ ማስገባት ለዚህ ጥያቄ ከእኔ ሐሳብ የተሻለ መሆኑን እቀበላለሁ። የማልስማማው «በሁለት ጉዳይ መለየት አይቻልም» የሚለው የሁሉም ጥናት ሕግ ተደርጎ ሲወሰድ ብቻ ነው። ጥቂት ጉዳዮችን የያዘ ጥናት ቁጥሩ የማያሳየውን ሂደት ማሳየት ይችላል፤ ማጠናከሪያ ትምህርቱ ተማሪውን ያቆየው የጎደለውን ዕውቀት ሞልቶለት ነው ወይስ በሳምንት አንድ ቀን ስሙን የሚያውቅ መምህር ስላገኘበት? ይህን የሚነግረን ከቀጠሉትም ከወጡትም ጋር የተደረገ ጥልቅ ውይይት ነው። ቻርልስ ሬጊን በ1987 ያቀረበው ስልትም ጥቂት ጉዳዮችን በጥልቀት ከሚያዩትና ብዙ ጉዳዮችን በቁጥር ከሚያዩት ጥናቶች መካከል ላሉት፣ ጉዳዮችን በምክንያቶች ጥምረት ለሚያነጻጽሩ ጥናቶች፣ መንገድ ለመክፈት የታሰበ ነበር።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ንድፍ ነው፤ እኔ ስለ ሰዎቹ ግንኙነት ልጠይቅ። አማካሪው በጉዳይ መረጣ ላይ ይህን ያህል ከገባ፣ ጥያቄው የማን ይሆናል? በተማርኩበት አንድ የትምህርት ክፍል ተማሪዎች በአማካሪው ትልቅ ንጽጽራዊ ፕሮጀክት ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ አገር ተሰጥቷቸው መረጃ ይሰበስቡ ነበር። ሥራው ሲታተም ስማቸው በምስጋና ገጽ ላይ ብቻ ሰፈረ፤ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ግን አንዳቸውም ሙሉውን ንጽጽር ሳያዩት መመረቃቸው ነው።

የጥናት ፕሮግራም አስተባባሪ

ያነሡት ጉዳይ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ከመምህር ጋር በምርምር ላይ ማሰለፍ በብዙ ተቋማት የተስፋፋ አሠራር ነው፤ ማርጋሬት ማክቪካር በ1969 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመሠረተችው ፕሮግራም ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ ተማሪው የመምህሩ የምርምር ባልደረባ ሆኖ እንዲሠራ ያደርጋል። ለቤተ ሙከራ ሥራ ይህ በደንብ ይስማማል። ለንጽጽራዊ ጥናት ግን አንድ የተለየ አደጋ አለው፤ እርሱም እርስዎ የገለጹት ነው። ሥራው በአገር ወይም በተቋም ከተከፋፈለ ተማሪው የአንድ ጉዳይ አዋቂ ሆኖ ይቀራል፤ የማነጻጸሩን ሥራ የሚሠራው መምህሩ ብቻ ይሆናል።

እኛ የምንከተለው አሠራር ተማሪዎች ጉዳዮችን እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው። እያንዳንዱን ሰነድ ወይም ቃለ መጠይቅ፣ ቢያንስ ከፊሉን፣ ሁለት ተማሪዎች ለየብቻቸው በይዘቱ እየለዩ ይመድቡታል፤ አንደኛው ያንን ቦታ የሚያውቅ፣ ሁለተኛው ሌላውን ቦታ የሚያውቅ። ከዚያ ስምምነታቸው ጄኮብ ኮኸን በ1960 ባቀረበው የካፓ መለኪያ ይሰላል፤ መለኪያው በአጋጣሚ ሊገኝ የሚችለውን ስምምነት ስለሚቀንስ ከተራ መቶኛ ይሻላል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ያልተስማሙባቸውን ይዘው ሲወያዩ የሚሆነው ነው። አንዷ ተማሪ ለራሷ ግልጽ የሆነላትን ነገር ለሌላው ለማስረዳት ስትገደድ የየቦታውን ልዩነት ታስተውላለች፤ ለእኔ ንጽጽሩ በእውነት የሚጀምረው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አማካሪው በዚያ ስብሰባ ላይ መገኘት ይኖርበታል፤ መፍረድ ግን የለበትም።

ስለ ደራሲነት፣ ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ ያወጣው መስፈርት ከሕክምና ውጭ ላሉትም መነሻ ሊሆን ይችላል። ለሥራው ሐሳብ ወይም ንድፍ፣ ወይም ለመረጃው መሰብሰብ፣ መተንተን ወይም መተርጎም ጉልህ አስተዋፅኦ ማድረግ፤ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በቁም ነገር ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ መሆን፤ እነዚህ አራቱም መሟላት አለባቸው። ልብ ሊባል የሚገባው መረጃ የሰበሰበ ተማሪ የመጀመሪያውን ሊያሟላ እንደሚችልና በመጻፉ ላይ የመሳተፍ ዕድል ካልተሰጠው ግን ሁለተኛውን ሊያሟላ እንደማይችል ነው። ስለዚህ ዕድሉን የነፈገው አካል መስፈርቱን ማስረጃ አድርጎ ተማሪውን ከደራሲነት ሊያስቀር አይገባም። ይህ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ቢቀመጥ መልካም ነው።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከቡድኔ አባላትና ከአማካሪያችን ጋር ተወያይተን ንድፋችንን ቀይረናል። በራሳችን ዩኒቨርሲቲ የግዴታ ማጠናከሪያ ትምህርት ከጥቂት ዓመታት በፊት መጀመሩን፣ በሌላው ግን እስካሁን አለመኖሩን አረጋግጠናል። ከሁለቱ ሬጅስትራሮች ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ዓመታት የምዝገባ መረጃ በትምህርት ክፍል ተለይቶ እንጠይቃለን፤ ከቀጠሉትም ካቋረጡትም ጋር ቃለ መጠይቅ እናደርጋለን። የቀሩን ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የሥነ ምግባር ፈቃድ ከሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ያስፈልጋል ወይ? ማጠናከሪያ ትምህርቱ ምንም ለውጥ እንዳላመጣ ብናገኝስ ጥናታችን ይወድቃል ወይ?

የስታትስቲክስ መምህርት

በሁለተኛው ልጀምር። አይወድቅም፤ ነገር ግን «ለውጥ የለም» እና «ለውጡን ለማየት የሚበቃ መረጃ የለንም» የተለያዩ ግኝቶች ናቸው። የትኛው እንደሆነ ለአንባቢ ለማሳየት የግምታችሁን የመተማመኛ ወሰን (ግምቱ ከየት እስከ የት ሊዋልል እንደሚችል የሚያሳየውን) አቅርቡ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ማጠናከሪያው ከመጀመሩ አስቀድሞ በነበሩት ዓመታት የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የማቋረጥ መጠን ጎን ለጎን ይሄድ እንደነበረ በሥዕላዊ መግለጫ ተመልከቱ። ቀድሞውኑ በተለያየ አቅጣጫ ይጓዙ ከነበረ ይህ ንድፍ አያገለግላችሁም፤ ያንን ደግሞ ቃለ መጠይቅ ከመጀመራችሁ በፊት ብታውቁት ይሻላል።

የጥናት አማካሪ

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ከሁለቱም ተቋማት የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ጠይቁ፤ አንደኛው የሌላውን ውሳኔ የሚቀበል ከሆነ እነርሱው ይነግሯችኋል። ያቋረጡ ተማሪዎችን የምታገኙበትን መንገድም እንደገና አስቡበት። በጓደኛ በኩል የተጠራ ሰው እምቢ ለማለት ሊቸገር ይችላል፤ ግብዣው ሬጅስትራሩ በሚልከው ደብዳቤ ቢደርሳቸውና ፈቃደኛ የሆኑት ብቻ ራሳቸው ቢያነጋግሯችሁ ይመረጣል። ሬጅስትራሩም ስም የሌለበትን መረጃ ብቻ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በማመልከቻችሁ ላይ የ«ማቋረጥ» ትርጉም በየትኛው ደንብ እንደተቀመጠና በእነዚህ ዓመታት ተለውጦ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ የጤና ተመራማሪው ያነሡት ነጥብ በራሳችን መረጃ ላይም የሚሠራ ነውና። ሁለቱ መልሶች ሲደርሷችሁ እዚሁ ክር ላይ ብትለጥፏቸው፣ ትርጉሞቹ የሚገጥሙበትን መንገድ አብረን እናያለን።